ደጅ ያስጠናሁባቸው ሠላሳ ስምንት ደቂቃዎች

ዕድሜዬን ሙሉ በረኛ ነበርኩ። አዲስ አበባ ሳለሁ የመጋዘን ዘበኛ፣ ሮም ከመጣሁ በኋላ ደግሞ ኤስኲሊኖ በሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ትልቅ ፓላዞ ፖርቲዬሬ። ፖርቲዬሬ ማለት ያው የሕንፃ በረኛ ነው። መግቢያው አጠገብ ካለች ትንሽ መስኮት ኋላ ተቀምጦ ፖስታ ይቀበላል፣ ወጪ ገቢውን ያያል፣ የነዋሪዎቹን መለዋወጫ ቁልፍ ይጠብቃል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ቁልፍ ጠፍቶብኝ ግን አያውቅም፤ በዚህም እኮራ ነበር። ጡረታ ስወጣ ነዋሪዎቹ አጨብጭበው ሸኙኝ።

አሁን የምነግራችሁ ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በእጅ በማይዳሰስ በር ላይ ስለሠራሁት ነው። ለብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ሽማግሌ ሰው ጥፋቱን አደባባይ ማውጣቱ ነውር ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ደግሞ ይዤው ልሞት አልፈለግሁም።

ኮሮና የገባ ዓመት ነው። ሁላችንም ቤታችን ተቆልፎብን ነበር። ሮም ያለን የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሰዎች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ አሮጊትና ሽማግሌ ጣሊያኖችን እያስታመሙ እዚያው የሚያድሩ። በደህናው ጊዜ ሐሙስና እሁድ ወጥተው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይገናኙ ነበር። ያኔ ያም ቀረ። አንዷ በአንዱ ፎቅ፣ አንዷ በሌላው ፎቅ ከአንድ በሽተኛ ጋር ተዘግቶባት ቀረች።

በዚህ ጊዜ ነው ወይዘሮ ሰብለ መላ የፈጠረችው። ሰብለ ከዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናት፤ ልጆቿን ያደረሰች፣ ቁም ነገረኛ ሴት። በቪዲዮ ሰው የሚሰበሰብበትን ክፍል ከሚያከራይ ኩባንያ ጋር ተዋውላ ማኅበራችን ክፍል በክፍል ሆነ። የጸሎት ክፍል፣ የዕድር ክፍል፣ የልቅሶ ክፍል፣ የሽምግልና ክፍል። ክፍሎቹን የሚከፍት፣ የሚዘጋ፣ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሰው ሲፈለግ ሁሉም በአንድ አፍ «ጋሽ ተካልኝ!» አሉ። በረኛ አይደለሁ?

«ሰብልዬ፣ እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም» አልኳት።

«ጋሼ፣ ፓላዞው ውስጥ ሳሉ ነዋሪዎቹ ቤት እየገቡ ዕቃ ያንቀሳቅሱ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም!»

«በመስኮቷ ወረቀት ይቀበላሉ፣ ወረቀት ያቀብላሉ። ይኸውም እንደዚያው ነው። ኩባንያው ለእኛ ለፕሮግራም ሠሪዎች አንዲት መስኮት ትቶልናል። በዚያች መስኮት ‹ክፍል ሥራ›፣ ‹ክፍሉን ዝጋ›፣ ‹እንትናን አስገባ› ብለን ሥርዓቱን ጠብቀን ስንጽፍለት የእሱ ማሽን ይፈጽማል፤ መፈጸሙንም ጽፎ ይመልሳል። ጽሕፈቱን ለእኔ ይተዉት። ለእርስዎ ቁልፍ እሠራልዎታለሁ፤ ሲነኩት ወረቀቱ በራሱ ይሄዳል።»

እንዳለችውም አንድ ገጽ በአማርኛ ሠራችልኝ። «ክፍል ሥራ»፣ «አስገባ»፣ «አቆይ»፣ «አስወጣ»፣ «ክፍል ዝጋ» የሚሉ አምስት ቁልፎች። ማሽኑ እሺ ካለ አረንጓዴ ይበራል፤ እምቢ ካለ ቀይ። የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ደጅ ላይ ይቆማል፤ ስሙ በገጹ ግርጌ ይወጣል፤ እኔ ካላስገባሁት አይገባም። ይህን ያደረገችው አንድ የሰከረ ሰው ጸሎት መሀል ገብቶ ስለዘፈነብን ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ያልሠራሁት ጉድ የለም። አንድ እሁድ «አስገባ» እላለሁ ብዬ «አስወጣ» ስነካ ቄሱ ወንጌል እያነበቡ ከክፍሉ ጠፉ። ሴቶቹ ሳቁን አልቻሉትም። «ጋሼ፣ ቄሱን አባረሩ! አሁን ማን ይፍታዎት?» እያሉ ወሩን ሙሉ ተጫወቱብኝ። ከሁሉ የበለጠ የምትስቀው አስካለ ነበረች።

አስካለ ኦስቲያ ባሕሩ አጠገብ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሲኞራ የምታስታምም፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ሳቋ ብዙ ነው። አንድ ነገር ግን አይነሳባትም ነበር፤ ወንድሟ። ደብረ ብርሃን የሚኖር ጌታቸው የሚባል ታላቅ ወንድም አላት፤ አባት ሆኖ ያሳደጋት። እናታቸው የሞቱ ጊዜ «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ትሰበርብኛለች» ብሎ ስምንት ወር ሙሉ ደበቃት። እሷ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ እሱ «እማዬ ተኝታለች»፣ «እማዬ ጠበል ሄዳለች» ይላታል። አንድ ቀን ተርሚኒ ከአገር የመጣች ሴት አገኘቻትና «ነፍስ ይማር፣ እናትሽ እንዴት ያሉ ደግ ነበሩ» አለቻት። አስካለ እዚያው መንገድ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ከእርሱ ጋር ብነጋገር» ብላ ማለች። ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ይኸንንም ልብ በሉልኝ፤ እያወቅሁ ነው።

በዚያ ጸደይ ጌታቸው ታመመ። ከጉበቱ ነው አሉ። ልጁ ምንትዋብ አስተማሪ ናት፤ የማኅበራችንን ሊቀመንበር የአቶ ክፍሌን ስልክ አፈላልጋ «አባቴ እህቱን ይቅርታ ሳይጠይቅ እንዳይሞት እርዱኝ» አለች። ክፍሌ ደግ ሰው ነው፤ ለሰው ችግር የሚሮጥ። አስካለን ለመናት። ሁለት ሳምንት እምቢ አለች። በሦስተኛው ለእኔ ደወለች።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ምን ይሻለኛል?»

«ይቅርታ ይሻልሻል፣ ልጄ።»

«መሐላዬስ?»

«ቄሱ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይፈቱሻል። ሽማግሌ ባለበት ነው የምትነጋገሩት።»

«እሺ። ግን በሩን እርስዎ ይክፈቱልኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይሆን» አለችኝ።

ቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሰዓቱ በፊት ምንትዋብ ደወለች።

«ጋሼ፣ አባዬ እየደከመ ነው። እስከ ቀጠሮው የሚቆይ አይመስለኝም። አሁኑኑ ይክፈቱልን።»

«ክፍል ሥራ» የሚለውን ነካሁ። አረንጓዴ በራ። አድራሻውን ለአቶ ክፍሌ፣ ለቄሱና ለአስካለ ላክሁ። መጀመሪያ ምንትዋብ መጣች፤ አስገባኋት። ስልኳን ወደ አባቷ ስታዞረው ጌታቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ፊቱ ቢጫ ሆኗል፤ ትራስ ተደግፎ ትንፋሹን እየለቀመ ይተነፍሳል። ቀጥሎ ክፍሌ ገባ። ቄሱ መልእክቱን አላዩትም፤ አልመጡም። ወዲያው ግርጌው ላይ «አስካለ» የሚል ስም ወጣ።

ጣቴን ወደ «አስገባ» ስሰድ የእጅ ስልኬ ጮኸ። ክፍሌ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ድምፁን ዘግቶ በጎን ነው የሚደውልልኝ።

«ተካልኝ፣ ድምፅህን ዝጋ። አስካለ ደጅ ላይ ናት?»

ዘጋሁና «ናት» አልኩት።

«እንዳታስገባት።»

«ምነው?»

«ሰውየውን አታየውም? እያጣጣረ እኮ ነው! ዓይኗ እያየ ነፍሱ ልትወጣ ነው። አጠገቧ ማን አላት? አንዲት መነሳት የማትችል አሮጊት። ብትወድቅ ማን ያነሳታል? አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ መስኮቱም እዚያው አጠገቧ ነው።»

«ክፍሌ፣ ሰውየው የሚጠብቀው እሷን ነው።»

«አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። በአገራችን መርዶ ብቻውን ላለ ሰው ይነገራል?»

«አይነገርም።»

«አሎራ? እንግዲያስ?»

«አሎራ...» አልኩ።

እውነት ነው፣ አይነገርም። እኛ መርዶ የምናረዳው ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ንጋት ላይ፣ የሚደግፍ ክንድ አጠገብ አቁመን ነው። እንዲህ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ምንም አልነካሁም። «አቆይ» የሚለውን እንኳ አልነካሁም፤ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው የሚበድለው አንድ ነገር ሲያደርግ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አስካለ ደወለች።

«ጋሼ፣ ‹እባክዎ ይጠብቁ› ይለኛል። አልከፈተልኝም።»

«ኮምፒዩተሩ ትንሽ... ተበላሽቷል፣ ልጄ። ቆይ፣ ይስተካከላል።»

«ወንድሜ ገብቷል?»

«ገና ነው።»

በሕይወቴ እንዲህ በቀላሉ ዋሽቼ አላውቅም። እሷም አመነችኝ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እጠብቃለሁ። ይኸው ነጠላዬን ለብሼ ተቀምጫለሁ» አለችኝ።

ስልኩን ስዘጋ ጌታቸው ዓይኑን ገለጠ።

«መጣች?»

«ትመጣለች፣ አባዬ» አለች ምንትዋብ። እሷም አክስቷ ደጅ ላይ መቆሟን አታውቅም፤ የደጁን ዝርዝር የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

ለክፍሌ ደወልኩለት። «ሰውየው እየጠየቀ ነው፤ ላስገባት» አልኩት።

«ትንሽ ታገሥ። ኦስቲያ አካባቢ ያለች ሰው እያፈላለግሁ ነው። ሰው አጠገቧ ይድረስና ያኔ ታስገባታለህ።»

ይህ ልክ መሰለኝ። ሰው እስኪደርስላት። ክፍሌ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይደውላል፤ አንዷ አሠሪዋ አትለቃትም፣ አንዷ ፖሊስ ይይዘኛል ትላለች፣ አንዷ ስልክ አታነሳም። እኔ የአስካለን ስም አያለሁ። ከስሙ አጠገብ ደቂቃ የሚቆጥር ነገር አለ። አሥራ ሁለት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ ስድስት። ስሙ አንዴ ጠፍቶ ተመለሰ፤ ምናልባት የኔ ስልክ ነው ችግሩ ብላ ወጥታ መግባቷ ይሆናል።

በመሀል ጌታቸው ስልኩን አቅርቢልኝ ብሎ ልጁን ጠቀሳት። ፊቱ ማሳያውን ሞላው። እዚያ የሚታየው የእኔና የክፍሌ ፊት ብቻ ነው። እኔን አየኝ። ከዚያ እኔን አልፎ ለሌላ ሰው መናገር ጀመረ።

«አስካል... እማዬን የደበቅሁሽ... እንዳትሰበሪ ብዬ ነው። ተሳስቻለሁ። የእኔ አልነበረም ያ... ያ የአንቺ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ትንፋሽ እስኪያገኝ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«አልመጣችም፣ አይደል?»

ክፍሌ አንገቱን ደፋ። እኔ «ደጅ ላይ ናት» ብዬ መናገር ይበቃኝ ነበር። ድምፄን ከፍቼ ሦስት ቃል። ጣቴ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ከተናገርኩ ማስገባቴ ነው፤ ካስገባሁ ደግሞ...

«ልክ ናት» አለ ጌታቸው። «ልክ ናት።»

ሌላ አልተናገረም። ምንትዋብ ስትጮህ ስልኩ ወደቀና ጣሪያውን ብቻ ማየት ጀመርን። የአስካለ ደቂቃ ሠላሳ ስምንት ይላል። እንደ ጅል ሆኜ «ክፍል ዝጋ» የሚለውን ነካሁ። ማሽኑ እሺ አለ፤ አረንጓዴ በራ። ያን አረንጓዴ እስከ ዛሬ እጠላዋለሁ።

ወዲያው አስካለ ደወለች። «ጋሼ፣ ‹ክፍሉ ተዘግቷል› አለኝ!»

«ዛሬ አልሆነም፣ ልጄ። ወንድምሽም ደክሞት ተኛ። ሌላ ቀን ይሆናል።»

«አይ፣ እኔማ ሌላ ቀን ድረስ ልቤ አይጠብቅም» አለች። እየሳቀች ነበር፤ እፎይ እንዳለ ሰው። «አንዴ ልቤ ተከፍቷል፣ ጋሼ። በድምፅ ቀርጬ ለምንትዋብ ስልክ እልከዋለሁ፤ ታሰማው።»

ላከችውም። በኋላ እንደሰማሁት በሦስት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ነው የላከችው። «ወንድምዬ፣ ታርቄሃለሁ። አንተም ታረቀኝ። ስትድን እመጣለሁ።» ምንትዋብ የአባቷ ለቅሶ ላይ ተቀምጣ ይህንን ትሰማለች። ክፍሌ «እስክናረዳት ዝም በዪ» ብሏታልና «እሺ አክስቴ» ብቻ እያለች ትጽፋለች። አስካለ በነዚያ ሦስት ቀናት ደስተኛ ነበረች። ደውላ ለሲኞራዋ ስለሠራችው ፓስታ አጫወተችኝ። እኔም አዳመጥኳት።

በአራተኛው ቀን ንጋት ላይ ሁለት ሴቶች የመንገድ ፈቃድ ወረቀት ይዘው ወደ ኦስቲያ ሄዱ። የልቅሶውን ክፍል የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማኅበርተኛው ሁሉ በየትንንሽ ሳጥኑ ተደርድሮ ያለቅሳል። አስካለ መሀል ላይ ናት፤ በግራ በቀኝ ሁለቱ ሴቶች ይዘዋታል። ሥርዓቱ ተፈጽሟል ማለት ነው። ስታለቅስ ቆይታ ድንገት ቀና አለች።

«መልእክቴን ሰምቷል? ምንትዋብ፣ አባትሽ ድምፄን ሰምቷል?»

ምንትዋብ በአገር ቤት በኩል ፊቷን ሸፈነች። እኔ ድምፄን ከፈትኩ። ይኸኔ ከፈትኩ!

«ሰምቷል፣ ልጄ» አልኩ። «ሰምቶ ነው የሞተው።»

«ተመስገን» አለች። ሁሉም «ተመስገን» አለ።

ሰው አንዴ ሲዋሽ ሁለተኛው ቸርነት ይመስለዋል። እኔም ለጊዜው እንባዬን ጠርጌ ደግ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ከወር በኋላ ሰብለ ደወለችልኝ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ የሚሆነውን ሁሉ ለእኔ ጽፎ ይልክልኛል፤ ማን ደጅ እንደደረሰ፣ ማን እንደገባ። ዝርዝሩን ሳስተካክል አንድ ነገር አየሁ። ያን ቅዳሜ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አስካለ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ደጅ ላይ ቆማለች። ‹ተበላሽቶ ነው› ብለዋት ነበር። አልተበላሸም፣ ጋሼ።»

«አልተበላሸም።»

ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ራሷን ወቀሰች። «ሰው ደጅ ላይ የሚያቆየውን ነገር የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰካራም እንዳይገባ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ «ለእሷ የምነግራት እኔ አይደለሁም። ዝርዝሩን ግን አላጠፋውም» አለችኝ።

መንገድ እንደተከፈተ በባቡር ወደ ኦስቲያ ሄድኩ። አስካለ ሲኞራዋን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛ ባሕሩ ዳር ካለው መቀመጫ ጠበቀችኝ። ጥቁር ለብሳለች። ሲኞራዋ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና በጣሊያንኛ «ይሄ ፊዳንዛቶሽ ነው?» አለቻት። እጮኛሽ ነው ማለቷ ነው።

አስካለ ከሐዘኗ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «አዎ ሲኞራ፣ ያምራል?»

«አርጅቷል» አለች አሮጊቷ።

ሦስታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ የምናገርበት ጉልበት እንዳይጠፋኝ ፈርቼ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። ኮምፒዩተሩ እንዳልተበላሸ። ስሟን እያየሁ እንደተቀመጥኩ። ወንድሟ እንደጠየቀ። መልእክቷን እንዳልሰማ፤ ስትልከው ሞቶ እንደነበር።

አላቋረጠችኝም። የሲኞራዋን ብርድ ልብስ አስተካከለች፤ ደግማ አስተካከለች።

«ስንት ደቂቃ ነው ያሉኝ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«እኔ አንድ ሰዓት መስሎኝ ነበር።» ወደ ባሕሩ ዞረች። «መጨረሻ ላይ ምን አለ? ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ።»

ስለ እናታቸው ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳት። ከዚያ የቀረውን ልተወው አሰብኩ። እውነቴን ነው፣ እዚያም ላይ እንኳ ልደብቃት አሰብኩ። «‹አልመጣችም፣ አይደል› አለ። ከዚያ ‹ልክ ናት› አለ። ሁለት ጊዜ።»

«እምቢ ያልኩት መስሎት ሞተ ማለት ነው።»

«አዎ።»

የወንበሩን መግፊያ ጨብጣ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ይህን ባይነግሩኝ ይሻለኝ ነበር። ግን የሚሻለኝን ሌላ ሰው ሲመርጥልኝ መኖር ሰለቸኝ። ወንድሜ መረጠልኝ፣ አቶ ክፍሌ መረጠልኝ፣ እርስዎም መረጡልኝ። ሁላችሁም ስለምትወዱኝ ነው።»

ተነሥቼ እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዘችኝ። «ይተዉ፣ ጉልበትዎ ያምዎታል። ሰውም ያያል።» ይቅር ብዬዎታለሁ አላለችም። «ባቡሩ እንዳያመልጥዎ» አለችኝና ወንበሩን እየገፋች ሄደች።

ለአስካለ መናገሬን ለክፍሌ ስነግረው ተቆጣ። «የተቀበረ ሐዘን ለምን ቆፈርክ? አንተን ቀለለህ እንጂ እሷን ምን ጠቀምካት?» አለኝ። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። እንደሚለው አልቀለለኝም ግን።

ሰብለን ቁልፎቹን ውሰጂልኝ ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። «ሌላ በረኛ ባደርግ እሱም እንደ እርስዎ ይሆናል። በሩን ነው የምለውጠው» አለችና ክፍሉ የሚሠራበትን ወረቀት ለወጠችው። አሁን ክፍል ሲሠራ ‹የማን ነው?› ብሎ ይጠይቃል፤ ስሙን እጽፋለሁ። ባለጉዳዩ ሲመጣ ደጅ አይቆምም፤ የእኔን ጣት አይጠብቅም፣ በቀጥታ ይገባል። ልመልሰው ብፈልግም አልችልም።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ የአገራችንን ወግ አፍርሱ እያልኳችሁ አይደለም። ሰው ሐዘኑን ብቻውን አይሸከም የሚለው ወግ መልካም ነው፤ ብዙ ሰው አትርፏል። ነገር ግን ሰውን መደገፍና በሰው ፈንታ መወሰን ጎን ለጎን የሚሄዱ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስንሻገር አይታወቀንም። እኔ አልታወቀኝም። ቤታችሁ ውስጥ «እሱ አይችለውም»፣ «እሷ ትሰበራለች» ተብሎ ያልተነገረው ሰው ካለ፣ እስቲ ሄዳችሁ እሱን ራሱን ጠይቁት። ከዚህ ሌላ የምመክረው የለኝም።

ባለፈው ዓመት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በላይነሽ የምትባል የማኅበራችን ልጅ እናቷ ጎንደር ታመሙባት። የሽምግልናውን ክፍል ለእሷ ሠራሁት፤ ስሟን ጻፍኩ። ክፍሌ ደወለና «ሴትየዋ በጣም ደክመዋል፤ ልጅቷ ደግሞ ብቻዋን ናት» አለኝ።

«በሩ የእሷ ነው፣ ክፍሌ። ሰው ፈልግላት፤ እሷ ግን ትገባለች» አልኩት።

ገባች። እናቷ አወቋት፤ ስሟን ጠሩ፤ መረቋት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሞቱ። የበላይነሽን ጩኸት ብቻዬን ሰማሁት። እጄ መሣሪያውን አልፎ አይደርስላት። ሰው እስኪደርስላት ሁለት ሰዓት ያህል «አለሁ፣ ልጄ፣ አለሁ» ከማለት ሌላ ያደረግሁት የለም። ሽማግሌዎቹ ዛሬም ድረስ ጨካኝ ይሉኛል። ጩኸቷ ጆሮዬ ውስጥ ስለሆነ ተሳስታችኋል ብዬ አልከራከራቸውም።

በዚያው ዕለት ማታ አስካለ ደወለች። ከኦስቲያው ቀን ወዲህ ራሷ ስትደውልልኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«የበላይነሽን ሰማሁ» አለች። «ገብታ ነበር?»

«ገብታ ነበር።»

«ተነጋገሩ?»

«ተነጋገሩ። መረቋት።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። ብዙ ነገር ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ይቅርታውንም ጠበቅሁ፤ አልዋሽም።

«እሺ፣ ጋሼ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።